ለምክር ክፍሌ የስምምነት ወረቀት ስጽፍ

ጥቅምት 24

የሥነ ልቦና ምክር የምሰጥበትን ክፍል ዛሬ ተረከብኩ። ገርጂ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ያያል። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ የሚቆለፍ የብረት ካቢኔት ይበቃኛል። ሥራ የምጀምረው ከጥምቀት በኋላ ነው። እስከዚያ መጨረስ ያለብኝ ትልቁ ነገር ወንበርም መጋረጃም አይደለም። ከደንበኞቼ ጋር የምፈራረመው ወረቀት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ አስቀድሜ ልጻፈው። ከዓመታት በፊት ተቀጥሬ በምሠራበት ቦታ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ለወራት ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ለማንም ያልነገረችውን ነገር ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናቷ ቢሮ መጥታ የልጄን ፋይል ልየው አለች። የምትከፍለው እሷ ነበረች። ፋይሉን አውጥተው ሰጧት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ፋይሉን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ግን የእኔም ድርሻ አለበት። ፋይሉን ማን ማየት እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል፣ በመጀመሪያው ቀን አልነገርኳትም። ራሴም ጠይቄ አላውቅም። የፈረመችው አንድ ገጽ ቅጽ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ከዚያ "በአገልግሎቱ ተስማምቻለሁ"። በምኑ እንደተስማማች አይልም።

ስለዚህ የዚህ ወረቀት መለኪያዬ አንድ ነው። ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚናገረው ነገር የት እንደሚደርስ ይወቅ።

ጥቅምት 27

ጠበቃ ጓደኛዬን ናሙና ላኪልኝ አልኳት። ማታውኑ ላከችልኝ። የአገልግሎት ውል ነው፣ ስድስት ገጽ። "ውል ሰጪ"፣ "ውል ተቀባይ"፣ "የተዋዋይ ወገኖች ግዴታ"። መጨረሻው ላይ ከቤት ኪራይና ከመኪና ሽያጭ የምናውቀው አረፍተ ነገር አለ። ውሉን ያፈረሰ ወገን ገደብ ይከፍላል፣ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889፣ 1890 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው። ከሥሩ የሦስት ምስክሮች ስምና ፊርማ።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው የሚለው ነው። 1889 እና 1890 ስለ ገደብ ናቸው። 2005 ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ነው። ለመኪና ሽያጭ ደህና ናቸው። ሦስት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው ክፍሌ ገብቶ፣ ገና ስሙን ሳይነግረኝ "ገደብ" የሚል ቃል ሲያነብ ግን በዓይኔ ታየኝ። ገደቡን አወጣሁት።

ምስክሮቹ ጋ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። እኛ አገር ምስክር የሌለው ወረቀት ሰው ዘንድ ውል አይመስልም። ነገር ግን ሦስት ሰው ጠርቶ "እገሌ ለምክር መጥቷል፣ ፈርሙ" ማለት ምስጢሩን ገና በሩ ላይ ማውጣት ነው። ለጓደኛዬ ደወልኩላት።

"ምስክር ከሌለው ይጸናል ወይ?"

"ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ብሎ ላላዘዘው ውል የተለየ ፎርም አያስፈልግም፣ 1719ን እይው" አለችኝ። "ሁለት ምስክር የሚጠይቀው 1727 በጽሑፍ መሆን ላለባቸው ውሎች ነው። ያንቺ እዚያ ውስጥ አይገባም።"

የምስክሮቹን መስመር በሙሉ ሰረዝኩት። ደስ አለኝ።

ማንበብ የማይችል ሰውስ ቢመጣ ብዬም ጠየቅኳት። 1728ን አነበበችልኝ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ ቢያደርግም፣ በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። አንድን ሰው ለዚህ ብዬ ውል አዋዋይ ዘንድ አልወስደውም። ስለዚህ አሻራ አልጠይቅም። ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ የገባውን በራሱ አፍ ይነግረኛል፣ እኔ ቀኑን ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ። ይህን ስወስን ሌላ ነገር መጣልኝ። ለምን ለሁሉም እንዲህ አይሆንም? ዶክትሬት ላለውም ቢሆን።

ኅዳር 2

ዛሬ ሙሉ ቀን በቃላት አለቀ።

"ውል" ወይስ "ስምምነት"? ውል ሲባል ደላላና ፍርድ ቤት ትዝ ይላል። ስምምነት ለስለስ ይላል፣ ደግሞም የምንሠራውን ይገልጻል። ስምምነት አልኩት።

"ታካሚ" አልወደድኩትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። "ተገልጋይ" የቀበሌ ሰልፍ ያስታውሰኛል። "ደንበኛ" የሱቅ ቃል ነው፣ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ደንበኛ ካልተስማማው ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ያ መብት ቃሉ ውስጥ አለ። ደንበኛ ብዬ ጀመርኩ። ቆይቶ ግን ቃሉ ራሱ ብዙም እንደማያስፈልገኝ ገባኝ። "ደንበኛው በሰዓቱ ይገኛል" ከማለት "በሰዓቱ ይምጡ" ማለት ይቀላል። ከላይ እስከ ታች "እኔ" እና "እርስዎ" አደረግኩት።

እርስዎ ደግሞ ሌላ ችግር ይፈታል። አንተ ወይስ አንቺ እያልኩ ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት አያስፈልገኝም። ለ20 ዓመት ልጅ ትንሽ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በቃል ስንነጋገር ግን "ምን ብዬ ልጥራዎት?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺ በይኝ የምትለኝን አንቺ እላታለሁ።

የሥራው ስምም ነበረ። ወጣቶቹ "ቴራፒ" ይላሉ። ትልልቆቹ "ምክር" ይላሉ። ምክር ስል ግን ሰው ምን አድርግ እንደምለው ይጠብቃል። "የሥነ ልቦና ምክር" ብዬ፣ ከሥሩ አንድ አረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ "እኔ ምን ማድረግ እንዳለብዎት አልወስንልዎትም፤ እርስዎ እስኪወስኑ አብሬዎት አስባለሁ።"

ኅዳር 7

ምስጢር። የወረቀቱ ልብ ይህ ነው።

የመጀመሪያ ረቂቄ እንዲህ ይል ነበር፦ "በሕግ ከተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የደንበኛው መረጃ በምስጢር ይጠበቃል።" ሕጉ አለ፣ ሐሰት የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት አስቀምጧል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 24 ስለ ሙያ ምስጢር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፣ አንቀጽ 400 ደግሞ መቼ ሊገለጽ እንደሚችል ይናገራል። ግን "ልዩ ሁኔታዎች" ብሎ ማለፍ ያቺን የ19 ዓመት ልጅ እንደገና መሸወድ ነው። ልዩ ሁኔታው ምንድን ነው? ልጅቷ ማወቅ የነበረባት እሱን ነው።

ሌላም ነገር አሰብኩ። ብዙ ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ በአእምሮው ውስጥ ያለው የምስጢር ልክ የንስሐ አባቱ ነው። ለንስሐ አባት የተነገረ አይወጣም፣ በቃ። ሰው ከእኔም ያንኑ ይጠብቃል። እኔ ግን ያንን ቃል ልገባለት አልችልም። አንድ ሰው ዛሬ ማታ ራሴን ላጠፋ ነው ቢለኝ ዝም ብዬ ቤቴ አልገባም። ይህን ልዩነት ሰው ከተናገረ በኋላ ከሚያውቀው፣ ሳይናገር ቢያውቀው ይሻላል። አውቆ ዝም ቢልም መብቱ ነው።

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩ። አሁን ያለው እንዲህ ነው፦

"የሚነግሩኝን ለማንም አልናገርም። ለባለቤትዎ፣ ለወላጅዎ፣ ለአሠሪዎ፣ ክፍያውን ለሚከፍልልዎት ሰውም ቢሆን። ዝም ማለት የማልችልባቸው ሦስት ጊዜያት አሉ። አንደኛ፣ ሕይወትዎ አደጋ ላይ ነው ብዬ ስሰጋ። ሁለተኛ፣ የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብዬ ስሰጋ፣ ወይም ሕፃን ልጅ እየተጎዳ መሆኑን ሳውቅ። ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝዘኝ። ያኔም ቢሆን በተቻለኝ መጠን መጀመሪያ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ። የምናገረውም ለሚመለከተው ሰው ብቻ፣ የግዱን ያህል ብቻ ነው።"

"የግዱን ያህል" የምትለዋን ወደድኳት። "አስፈላጊ የሆነውን መረጃ ብቻ" ከማለት ይልቅ ሰው ይገባዋል።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ጎረቤቴ እማማ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ልጅ አሳድገው፣ ሰው ቀብረው፣ ዕድር መርተው የኖሩ ሴት ናቸው። ፊደል ቆጥረዋል፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

የምስጢሩ ክፍል ሲያልቅ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብቻሽን ነው የምትሸከሚው? የምታማክሪው ሰው የለሽም?"

አለኝ እንጂ። በወር ሁለት ጊዜ ከአንጋፋ ባልደረባዬ ጋር እቀመጣለሁ። ሥራዬን ታይልኛለች፣ የሳትኩትን ትነግረኛለች። በሙያችን የተለመደ ነው። ስም አልጠራም፣ ሰውየውን የሚያሳውቅ ነገር አልናገርም። ግን "ለማንም አልናገርም" ብዬ ጽፌ ይህን ዘልዬዋለሁ። ያነበቡት ሁለት ባልደረቦቼ አላዩትም። እማማ አዩት።

ማታ ጨመርኩት፦ "ሥራዬን በደንብ ለመሥራት ከአንዲት አንጋፋ ባለሙያ ጋር እመካከራለሁ። ስምዎንና ማንነትዎን የሚያሳውቅ ነገር አልነግራትም። እሷም ምስጢር ጠባቂ ናት።"

ኅዳር 18

አስቸኳይ ሁኔታ።

እኔ ብቻዬን ነኝ። ሌሊት ስልክ አላነሣም። ይህን በግልጽ ካልጻፍኩ ሰው በጭንቅ ሰዓት እየደወለልኝ ጊዜ ያባክናል። ስለዚህ የት እንደሚሄድ መጻፍ አለብኝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ፖሊስ 991። በአቅራቢያ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። እና አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል።

የመጨረሻው ስም ላይ እጄ ቆመ። በአገራችን ስንት ሰው የምርመራ ካርድ ከማውጣት የሚያግደው ይህ ስም ነው። "አማኑኤል ግባ" ስድብ ሆኖ ነው ያደግነው። ሥራ ቦታ ጭንቀት በዝቶባት የመጣች ሴት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህን ስታይ "አበድሽ ብላኛለች" ልትል ትችላለች። አውጥቼ "የሚመለከተው ሆስፒታል" ልል አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ስሙን ብደብቅ እኔም ስሙን ማሳፈሪያ ካደረጉት ወገን ነኝ ማለት ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ ሰው ስም ነው የሚፈልገው፣ ለሹፌሩ የሚነግረው።

ስሙ ቀረ። ግን ከምክንያቱ ጋር፦ "ይህን ለሁሉም ሰው እሰጣለሁ። እርስዎን አይቼ የጻፍኩት አይደለም። ሁላችንም ክፉ ቀን ሊገጥመን ይችላል፤ ያኔ የት እንደሚሄዱ አስቀድመው ይወቁ።" ከዚያም አንድ ባዶ መስመር፦ "በጭንቅ ጊዜ እንድደውልለት የሚፈልጉት ሰው።" እኔ የምመርጠው ሰው ሳይሆን እሱ የሚመርጠው። ባዶ መተውም ይቻላል፣ ያኔ ስለ ባዶው እንነጋገራለን።

ኅዳር 25

ገንዘብ። በፊት ቀላሉ ክፍል ይመስለኝ ነበር።

ዋጋውን መጻፍ አልከበደኝም። የከበደኝ የቀረ ሰው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሳይነግረኝ ሲቀር ያ 50 ደቂቃ ባዶውን ያልፋል፣ ሌላ የሚፈልገው ሰው ሳያገኘው። ግን "ላልመጡበት ይክፈሉ" ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ይሉኝታ ይይዘኛል። ደንበኛውንም ይሉኝታ ይይዘዋል፤ አልመጣም ብሎ መደወል ያፍርና ይቀራል፣ ከቀረ በኋላ ደግሞ መመለስ ያፍራል። እንዲህ ሆነው የጠፉብኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ይህ አንቀጽ ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሰው የሚመለስበትን በር ክፍት ማድረግ አለበት።

የወሰንኩት ይህ ነው። ከ24 ሰዓት በፊት ከነገሩኝ ክፍያ የለም። ሳይነግሩኝ ከቀሩ ግማሽ ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ግን ነፃ ነው። ለቅሶ፣ ሕመም፣ መንገድ መዘጋት ከተነገረኝ አይቆጠርም። ከዚያ ይህ፦ "ሳይነግሩኝ ቢቀሩ አልቀየምም። ይመለሱ። ስለ መቅረትዎ ብዙ አንነጋገርም።"

ዋጋ ከጨመርኩ አንድ ወር አስቀድሜ እናገራለሁ። ደረሰኝ እሰጣለሁ። ደረሰኙ ላይ "የምክር አገልግሎት" ብቻ ይላል።

ኅዳር 30

ስልክ። ይህ ክፍል ናሙናው ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ያሰብኩት ዛሬ አንዲት የድሮ ደንበኛዬን አግኝቼ ስናወራ ነው። ያኔ ቀጠሮ ለማስታወስ ከቢሮ ተደውሎ ባሏ አነሣ። "ከምክር አገልግሎት ነው" ተባለለት። ቤት ስትገባ ጥያቄው ጠበቃት። ሦስት ወር ደብቃው ነበር።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ቅጹ ላይ ገባ። በየትኛው ስልክ ልደውል? ሌላ ሰው ቢያነሣ ማን ነኝ ልበል? አጭር መልእክት ልላክ ወይስ አልላክ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሰዎች ራሳቸው እንዲመልሱት እፈልጋለሁ። አንዳንዷ "የልብስ ሰፊዋ ነኝ በይ" ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን አልዋሽም። "ስሜን ብቻ እናገራለሁ፣ ከየት እንደሆንኩ አልናገርም" ብዬ ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ ነው የምችለው።

ቴሌብርም አለ። ሰው በስልኩ ሲከፍል ስሜን የያዘ መልእክት ይደርሰዋል። ስልክ በጋራ የሚጠቀሙ ባልና ሚስት፣ የልጃቸውን ስልክ የሚያዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። "ይህ የሚያሳስብዎት ከሆነ በጥሬ ገንዘብ ይክፈሉ" የሚል መስመር ጨመርኩ።

ቴሌግራም ላይ ምክር አልሰጥም። ለቀጠሮ ሰዓት ብቻ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ረጅም መልእክት የሚጽፍልኝን ሰው ችላ ያልኩት እንዳይመስለው፣ ይህንንም አስቀድሜ እነግረዋለሁ፦ "አነበዋለሁ፣ መልሱን ግን ፊት ለፊት እንነጋገርበታለን።"

ታኅሣሥ 5

የማውቃት ሴት እህቷ ቨርጂኒያ ትኖራለች። በቪዲዮ ትሠሪላታለሽ ወይ አለችኝ። በአማርኛ የሚያናግራት ሰው አጥታለች። ልቤ እሺ አለ። ግን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፣ የሚታየውም ደንበኛዋ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። የእኔ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። አንድ ነገር ቢደርስባት 907 መደወል አልችልም። እዚያው ፈቃድ ያለውና አማርኛ የሚችል ባለሙያ እንድትፈልግ ነገርኳት። ከብዶኝ ነው የነገርኳት።

ከዚህ ሁለት መስመር ወጣ። በስልክ ወይም በቪዲዮ የምንገናኘው እርስዎ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆኑ ነው፤ ስንጀምር የት እንደሆኑና ብቻዎን መሆንዎን ይነግሩኛል። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ በ10 ደቂቃ ውስጥ በመደበኛ ስልክ መልሼ እደውላለሁ፣ ካልሆነ የቀረውን ጊዜ በሌላ ቀን እናካክሳለን። ሰዓት የምንቆጥረው ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ነው። ስልኩ ላይ የፈረንጅ ሰዓት ያደረገ ሰው ብዙ ስለሆነ ቀጠሮ ካርዱ ላይ "ጠዋት"፣ "ከሰዓት በኋላ"፣ "ማታ" የሚል ጨምሬያለሁ።

ታኅሣሥ 11

ወላጆች። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን አላደረሰም። ስለዚህ የሚፈርመው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው። የሚናገረው ግን ልጁ ነው። 15 ዓመት የሆናት ልጅ እናቷ ሁሉን እንደምትሰማ ካወቀች ምን ትነግረኛለች?

ለወላጅ የተለየ አንድ ገጽ ጻፍኩ። "ልጅዎ ደህና መሆኑን፣ እየመጣ መሆኑን፣ ከእርስዎ ምን እንደሚያስፈልገው እነግርዎታለሁ። የተናገረውን ቃል በቃል አልነግርዎትም። አደጋ ካለ ወዲያው ይሰማሉ።" ወላጅና ልጅ አብረው ተቀምጠው ነው የማነበው። ልጁ እናቱ እሺ ስትል መስማት አለበት።

ከ18 በላይ ለሆነ ልጅ የሚከፍል ወላጅስ? ያ የእኔ አሮጌ ቁስል ነው። ከፋይ ማለት ባለ ፋይል ማለት አይደለም። ይህን በደማቅ ቀለም ጻፍኩት። በወረቀቱ ላይ ያደመቅኩት ብቸኛው መስመር ነው።

ባልና ሚስት ሲመጡ ደግሞ እኔን ሽማግሌ ያደርጉኛል። ማን እንዳጠፋ ፍረጂን ይላሉ። "አልፈርድም፣ ለፍቺ ክርክርም ለአንዳችሁ ወገን ደብዳቤ አልጽፍም" የሚል ገባ።

ታኅሣሥ 20

ትናንት ቁልቢ ገብርኤል ነበር፣ የግማሹ ጎረቤት ቤት ዝግ ነው። ጸጥታው ለሥራ ተመቸኝ።

አዲስ አበባ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ጠባብ ናት። ከደንበኛዬ ጋር ለቅሶ ቤት መገናኘቴ አይቀርም። ሰርግ ላይም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም። ያኔ ሰላም ብላቸው ሰው "ከየት ትተዋወቃላችሁ?" ይላል። ባልላቸው ይቀየማሉ፤ እኛ ዘንድ ሰው አይቶ ማለፍ ንቀት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፦ "ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም። ንቄዎት አይደለም። እርስዎ ሰላም ካሉኝ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።" ወረቀቱን ካነበቡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ፈታ ይላል። የዘመድና የቅርብ ጎረቤት ምክር አልይዝም። ለሌላ ባለሙያ እልካቸዋለሁ።

ስጦታ። ለበዓል ድፎ ዳቦ ይዞ የመጣን ሰው አልመልስም። ከዚያ የሚበልጠውን አልቀበልም። ይህን ወረቀት ላይ መጻፉ ግን ነገሩን ያበላሻል፣ ሰው ስጦታ እየጠበቅኩ ይመስለዋል። አወጣሁት። ሲመጣ በቃል እናገራለሁ።

ጸበልም አለ። ጸበል የሚጠመቅ ደንበኛ ብዙ ነው። ከእኔ ደብቆ እንዲሄድ አልፈልግም። "ጸበል፣ ዱዓ ወይም ጸሎት የሚሄዱ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ከእኔ ሥራ ጋር አይጋጭም። ሐኪም ያዘዘልዎት መድኃኒት ካለ ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡ።" በዚህ አንድም ቃል አልጨምርም።

ታኅሣሥ 25

ጓደኛዬ ሙሉውን አነበበች። ስለ ፋይል አያያዝ ያለው ክፍል ሳሳ ብሏል አለችኝ። ልክ ናት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥበቃ ከሚሹት ነው። ስለዚህ ምን እንደምጽፍ፣ የት እንደማስቀምጥ፣ ማን እንደሚያየው መናገር አለብኝ።

በተግባር ያደረግኩት ይህ ነው። ፋይሉ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ሌላ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ሌላ ነው። ማስታወሻዬ አጭር ነው፤ ቀን፣ የተነጋገርንበት ጉዳይ በጥቅሉ፣ ቀጣዩ ሥራ። ዝርዝር ታሪክ አልጽፍም። ደንበኛው ፋይሉን ልየው ካለ አብረን እናየዋለን። እኔ ብታመም ወይም ብሞት ካቢኔቱን የምትከፍተው ያቺ አንጋፋ ባልደረባዬ ብቻ ናት። የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ግን ሰው የማወቅ መብት አለው።

ጥር 4

ስድስት ገጽ የነበረው ሁለት ገጽ ሆነ፣ የወላጆቹ ገጽ ሲቀር። የፊደሉ መጠን 14 ነው፣ መስመሩ ሰፋ ያለ። ጮክ ብዬ ሳነበው 11 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሹፌር፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ የባንክ ሠራተኛ አንብበውልኛል። ሦስቱንም "አሁን በራስህ ቃል ንገረኝ" ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሹፌሩ "ልሞት ነው ካልኩሽ ትናገሪያለሽ፣ ሌላውን ይዘሽ ትቀሪያለሽ" አለኝ። ከእኔ አንቀጽ የእሱ ይሻላል። ተማሪዋ "መቼ ማቆም እንደምችል አይልም" አለች። አለማለቱ ገረመኝ። ወዲያው ጻፍኩ፦ "በፈለጉ ጊዜ ማቆም ይችላሉ። ምክንያት አይጠየቁም። ቢቻል ግን ለመሰነባበት አንድ ጊዜ እንገናኝ።"

ጥር 17

የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች። 40 ዓመት ገደማ ይሆናታል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሩብ ያህሉ ለወረቀቱ እንደሚሄድ፣ ለዚያ ቀን ግማሽ ብቻ እንደምትከፍል በስልክ ነግሬያት ነበር።

አነበብኩላት። "ለባለቤትዎ" ስል ቀና ብላ አየችኝ። አቆምኩ። "ቀጥይ" አለችኝ። ሦስቱ ጊዜያት ላይ ስደርስ እንደገና እንዳነብላት ጠየቀች። አነበብኩላት። ከዚያ በራሷ ቃል መለሰችልኝ፣ አንድም አልሳተችም። ስለ ስልኩ የእህቷን ቁጥር ሰጠችኝ።

ሁለት ቅጂ ፈረምን። አንዱን እጥፍ አድርጌ ስሰጣት እጇን አልዘረጋችም።

"ይሄ ቤት ሊገባ አይችልም" አለችኝ። "ቦርሳዬ ይፈተሻል።"

ሁለት ወር ተኩል ስሠራበት ይህን አላሰብኩም። ወረቀቱ ራሱ ምስጢር አውጪ ሊሆን ይችላል። ቅጂዋን በፖስታ አድርጌ አሸግኩት፣ እሽጉ ላይ እሷ ፈረመችበት፣ ካቢኔቱ ውስጥ ገባ። በፈለገች ቀን ትወስደዋለች፣ ወይም እዚህ መጥታ ታነበዋለች።

ማታ ወረቀቱን ከፍቼ ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ቅጂዎን ይወስዳሉ ወይስ እኔ ጋ ይቀመጥልዎት?"